የክብደት ምድብ የሚቀይሩ ቡጢኞች ጉልበታቸው የት ይገባል?

አሜሪካዊው ቴሬንስ ክሮፎርድ ከ2016 መጨረሻ እስከ 2023 ድረስ በተከታታይ ከገጠማቸው 11 ተፋላሚዎች አንዱም የመጨረሻውን ደወል በእግሩ ቆሞ አልሰማም። አንዳንዶቹ በዝረራ ወደቁ፤ የሌሎቹ ፍልሚያ በዳኛ ወይም በገዛ አሠልጣኞቻቸው ውሳኔ ተቋረጠ።

በ2024 ክሮፎርድ ከ66.7 ኪሎ ግራም ምድብ ወደ 69.9 ኪሎ ግራም ከፍ ብሎ ከኡዝቤኪስታናዊው ኢስራኢል ማድሪሞቭ ጋር ተገናኘ። 12ቱም ዙሮች አለቁ። አሸናፊው ክሮፎርድ ቢሆንም ያሸነፈው በነጥብ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በአንድ ጊዜ ወደ 76.2 ኪሎ ግራም ዘልሎ ሜክሲኳዊውን ሳውል 'ካኔሎ' አልቫሬዝን ረታ። እርሱም ቢሆን በነጥብ የተገኘ ድል ነበር።

በመጀመሪያው ለውጥ የተጨመረው ክብደት 3.2 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። ለመሆኑ ሰባት ዓመት ሙሉ ተጋጣሚዎቹን ሲያስቆም የኖረ ክንድ በሦስት ኪሎ ልዩነት ጉልበቱን ያጣል?

በቡጢው ዓለም "ጉልበት ከቡጢኛው ጋር አብሮ አይወጣም" የሚል የቆየ እምነት አለ። ይህ እምነት በከፊል እውነት፣ በከፊል ደግሞ የተሳሳተ ነው። የቡጢኛው ምት ክብደት በመጨመሩ ምክንያት አይደክምም፤ እንዲያውም ሊበረታ ይችላል። በዋናነት የሚለወጠው ምቱን የሚቀበለው አካል ነው።

ጥቂት ኪሎዎች ለምን ይህን ያህል ይከብዳሉ?

በዛሬው ፕሮፌሽናል ቡጢ በስፋት የሚታወቁት የክብደት ምድቦች 17 ናቸው። ዝቅተኛው 47.6 ኪሎ ግራም ላይ ያበቃል፤ ከፍተኛው ማለትም ከባድ ሚዛን ከ90.7 ኪሎ ግራም በላይ ያሉትን ሁሉ ያለ ገደብ ይይዛል። በመካከል ባሉት ምድቦች መካከል ያለው ልዩነት ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ኪሎ ግራም አይበልጥም።

ቁጥሩ ለተመልካች ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን 50 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ሦስት ኪሎ ማለት ከሰውነቱ ስድስት በመቶ ነው። በተጨማሪም ቡጢኞች የሚመዘኑት በአብዛኛው ከፍልሚያው አንድ ቀን አስቀድሞ በመሆኑ በሚዛን ላይ የሚነበበው ቁጥርና መድረክ ላይ የሚወጣው ሰውነት የተለያዩ ናቸው። ብዙዎቹ በላብና ውኃ ባለመጠጣት ክብደታቸውን ለአንድ ቀን ቀንሰው ከተመዘኑ በኋላ በምግብና በፈሳሽ በርካታ ኪሎ ግራም ይመልሳሉ።

ስለዚህ ከታች የመጣ ቡጢኛና በምድቡ የኖረ ቡጢኛ በሚዛን እኩል ሆነው ቢታዩም በማግስቱ መድረክ ላይ እኩል ላይሆኑ ይችላሉ። ከታች የመጣው ወደ ገደቡ ለመድረስ በልቶ ይጨምራል፤ ነባሩ ደግሞ ወደዚያው ገደብ ለመውረድ ይራባል። ከሚዛኑ በኋላ ነባሩ ወደ ተፈጥሯዊ መጠኑ ሲመለስ የመጤው ክብደት ባለበት ይቆያል።

ምት የሚነሣው ከእግር ነው

የቡጢ ኃይል በክንድ ውፍረት አይለካም። በ1980ዎቹ የሶቪየት ኅብረት ተመራማሪዎች 120 ቡጢኞችን አጥንተው የምት ኃይል ከየትኛው የሰውነት ክፍል እንደሚመነጭ ለክተው ነበር። በከፍተኛ ደረጃ ላይ በሚገኙት ቡጢኞች 38 በመቶ ገደማ የሚሆነው ኃይል የመጣው መሬትን ከሚገፋው እግር ነበር። የወገብና የደረት መዞር 37 በመቶውን ሲያበረክት የክንድ ድርሻ 24 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ።

በዝቅተኛ ደረጃ ላይ ባሉት ዘንድ ውጤቱ ተገላቢጦሽ ነበር። የእግር ድርሻ ወደ 17 በመቶ ወርዶ የክንዱ ወደ 38 በመቶ ወጣ። ጀማሪ በክንዱ ይመታል፤ የበሰለ ቡጢኛ ግን በመላ አካሉ ነው የሚመታው።

በ2000 የታተመ የብሪታኒያ ጥናትም ይህንኑ ያጠናክራል። በዋናው እጅ በተሰነዘረ ቀጥተኛ ምት ከፍተኛ ደረጃ ያላቸው ቡጢኞች በአማካይ 4,800 ኒውተን ኃይል አስመዘገቡ። ይህም 490 ኪሎ ግራም ገደማ የሚሆን ዕቃ ከሚያሳርፈው ጫና ጋር የሚስተካከል ነው። የጀማሪዎቹ አማካይ 2,381 ኒውተን ነበር፤ ማለትም የዚያ ግማሽ።

ቴክኒክ ደግሞ ክብደት ሲጨመር አይጠፋም። እግርን፣ ወገብንና ትከሻን አቀናጅቶ በትክክለኛው ቅጽበት ማሳረፍን የሚያውቅ ቡጢኛ ሙያውን ወደ የትኛውም ምድብ ይዞ ይሄዳል። የጃፓኑ ናኦያ ኢኖዌ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ49 ኪሎ ግራም ምድብ የዓለም ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ በ52.2፣ በ53.5 እና በ55.3 ኪሎ ግራም ምድቦችም ተጋጣሚዎቹን መዘረሩን ቀጥሏል።

ከቡጢው ጀርባ ያለው ክብደት

በ2005 ይፋ የሆነ ሌላ ጥናት ከዝንብ ሚዛን እስከ ልዕለ ከባድ ሚዛን ያሉ ሰባት የኦሊምፒክ ቡጢኞች የሰው ጭንቅላትና አንገት አስመስሎ የተሠራ መለኪያን እንዲመቱ አድርጓል። አማካይ ኃይሉ 3,427 ኒውተን፣ የእጅ ፍጥነቱ ደግሞ በሰከንድ ዘጠኝ ሜትር ገደማ ነበር።

ከዚህ ጥናት ለክብደት ለውጥ ጥያቄ ወሳኝ የሆነ መደምደሚያ ተገኝቷል። ምቱ ከምድብ ወደ ምድብ እየከበደ የሄደበት ዋናው ምክንያት ትልልቆቹ ቡጢኞች እጃቸው ይበልጥ ፈጣን መሆኑ አልነበረም። ልዩነቱን የፈጠረው ምቱ በሚያርፍበት ቅጽበት ከቡጢው ጀርባ የሚሰለፈው የሰውነት ክብደት ነው።

ነገሩን በመዶሻ ማሰብ ይቻላል። ሁለት መዶሻዎች በእኩል ፍጥነት ቢወርዱ ሚስማሩን ይበልጥ የሚያስገባው ከባዱ ነው። ስለዚህ ክብደት የጨመረ ቡጢኛ ፍጥነቱን ሳያጣ ከጨመረ በመርህ ደረጃ ምቱ መበርታት አለበት።

ችግሩ "ፍጥነቱን ሳያጣ" የሚለው ላይ ነው። የተጨመረው ኪሎ ለእግርና ለወገብ የሚያገለግል ጡንቻ ከሆነ ይጠቅማል። ስብ ወይም ከቡጢ እንቅስቃሴ ጋር ያልተዋሐደ የጡንቻ ክምር ከሆነ ግን ተሸክሞት የሚዞር ሸክም ይሆንበታል። ሸክሙ በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ላይታወቅ ይችላል፤ ከስድስተኛውና ከሰባተኛው በኋላ ግን እግር ይከብዳል። እግር ሲከብድ ደግሞ የምቱ ትልቁ ምንጭ ደረቀ ማለት ነው።

የተመቺው አንገት

አንድን ሰው የሚያዞረውና የሚጥለው የጭንቅላቱ ድንገተኛ መሽከርከር ነው። አገጭ ላይ ያረፈ ምት ጭንቅላትን በቅጽበት ሲያዞር አንጎል በራስ ቅል ውስጥ ይናወጣል። ተመሳሳይ ኃይል የሚያስከትለው መናወጥ በሚያርፍበት ጭንቅላት ክብደት፣ አንገቱን በያዙት ጡንቻዎችና ከሥር ባለው ግንድ ይወሰናል።

በአዲሱ ምድብ የሚጠብቀው ተጋጣሚ በአብዛኛው ሰፋ ያለ ትከሻ፣ ወፈር ያለ አንገትና ከበድ ያለ አካል አለው። ከዚህም በላይ ዕድሜውን ሙሉ በዚያ መጠን የሚሰነዘር ምት ሲቀበል የኖረ ነው። ትናንት የሚዘርር የነበረ ቡጢ ዛሬ ያማል፣ ያቆስላል፣ ነጥብ ያስገኛል፤ ነገር ግን ላይጥል ይችላል።

ይህን ከፊሊፒናዊው ማኒ ፓኪያኦ በተሻለ የሚያሳይ የለም። ፓኪያኦ በ1995 በ16 ዓመቱ ወደ ፕሮፌሽናል ቡጢ ሲገባ ክብደቱ 48 ኪሎ ግራም ገደማ ነበር። በስምንት የክብደት ምድቦች የዓለም ክብር በመቀዳጀት በታሪክ ብቸኛው ሰው ነው።

ለተወሰነ ጊዜ የቆየው እምነት በእርሱ ላይ የማይሠራ መስሎ ነበር። በ2008 ኦስካር ዴላ ሆያን ከስምንት ዙር በኋላ ከመቀመጫው እንዳይነሣ አደረገው። በ2009 ሪኪ ሃተንን በሁለተኛው ዙር ዘረረ፤ በዚያው ዓመት ከሚጌል ኮቶ ጋር ያደረገው ፍልሚያ በ12ኛው ዙር በዳኛ ተቋረጠ።

ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። በ2010 ከአንቶኒዮ ማርጋሪቶ ጋር በ68 ኪሎ ግራም ገደብ ተጋጠመ። በ12 ዙሮች ከ400 በላይ ምቶችን አሳረፈ፤ የማርጋሪቶ የዓይን ዙሪያ አጥንት ተሰበረ። ረጅሙ ሜክሲኳዊ ግን እስከ መጨረሻው ቆሞ ቆየ። ፓኪያኦ ከኮቶ በኋላ ሌላ ተጋጣሚን ከፍጻሜው በፊት ለማሸነፍ እስከ 2018 መጠበቅ ነበረበት። በዚያ ዓመት በኩዋላ ላምፑር አርጀንቲናዊውን ሉካስ ማቲሰን በሰባተኛው ዙር አሸነፈ።

በእነዚያ ዓመታት የፓኪያኦ ዕድሜ ጨምሯል፤ የገጠማቸውም ሰዎች ቀላል አልነበሩም። ዝረራው የጠፋው በክብደቱ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። የማርጋሪቶ ፍልሚያ ግን አንድ ነገር ግልጽ አድርጓል። አጥንት የሚሰብር ቡጢና የሚዘርር ቡጢ አንድ አይደሉም።

ጓንቱም ይወፍራል

ብዙ ተመልካች የማያስተውለው ሌላ ለውጥ ደግሞ አለ። በተለመደው የፕሮፌሽናል ቡጢ ደንብ እስከ 66.7 ኪሎ ግራም ያሉ ቡጢኞች ስምንት አውንስ ወይም 227 ግራም የሚመዝን ጓንት ያጠልቃሉ። ከዚያ በላይ ያሉት ደግሞ 10 አውንስ ወይም 283 ግራም የሚመዝን ጓንት ነው የሚጠቀሙት።

የ56 ግራም ልዩነት ማለት በቡጢውና በአገጩ መካከል ተጨማሪ ስፖንጅ አለ ማለት ነው። ክሮፎርድ ከማድሪሞቭ ጋር ሲገናኝ የተሻገረው ይህንኑ መስመር ነበር። የተጋጣሚው ሰውነት ሲተልቅ የራሱ ጓንትም አብሮ ወፈረ።

የእጅ አጥንት ግን አይወፍርም። ልምምድ ጡንቻን ያሳድጋል፤ የጣትና የመዳፍ አጥንቶችን ግን ትርጉም ባለው መጠን አያሰፋም። አሜሪካዊው ቶማስ ኸርንስ በ1985 ወደ 72.6 ኪሎ ግራም ወጥቶ ማርቪን ሃግለርን ሲገጥም በመጀመሪያው ዙር ያሳረፋቸው ከባድ ምቶች ሃግለርን አልጣሉትም፤ የኸርንስ ቀኝ እጅ ግን ተሰበረ። በሦስተኛው ዙር ተሸነፈ።

ኸርንስ ግን በዚያ አላበቃም። በ1987 በ79.4 እና በ72.6 ኪሎ ግራም ምድቦች ያገኛቸውን የዓለም ክብሮች ሁለቱንም ያሸነፈው ተጋጣሚዎቹን ከፍጻሜው በፊት በማስቆም ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ85 ሳንቲ ሜትር ነበር። ቀድሞውንም በረጅም አጥንቱ ላይ ተጨማሪ ሥጋ የሚሸከም ቁመና ስለነበረው ወደ ላይ የወጣው ወደ ተፈጥሯዊ መጠኑ ነው ማለት ይቻላል።

የዑጋንዳውያኑ ትምህርት

ምሥራቅ አፍሪካም በዚህ ታሪክ ውስጥ የራሱ ምዕራፍ አለው። በ1981 ዑጋንዳዊው አዩብ ካሉሌ የ69.9 ኪሎ ግራም የዓለም ሻምፒዮንና ያልተሸነፈ ቡጢኛ ነበር። ከታች ምድብ የወጣው ሹገር ሬይ ሌናርድ በሂውስተን ገጠመው። ካሉሌ በተፈጥሮው ትልቁ ሰው ቢሆንም ፍልሚያው በዘጠነኛው ዙር በሌናርድ አሸናፊነት ተቋረጠ። ሌናርድ ይዞ የወጣው ፍጥነትና ጊዜን የመምረጥ ችሎታ የክብደቱን ልዩነት አካክሶለታል።

ሌላው ዑጋንዳዊ ጆን ሙጋቢ ተቃራኒውን አየ። በ1980 የሞስኮ ኦሊምፒክ በዌልተር ሚዛን የብር ሜዳሊያ ያገኘው ሙጋቢ በፕሮፌሽናል ቡጢ ያደረጋቸውን ፍልሚያዎች በሙሉ ከፍጻሜው በፊት እያሸነፈ 'አውሬው' የሚል ቅጽል ወጣለት። በ1986 በ72.6 ኪሎ ግራም ከማርቪን ሃግለር ጋር ተገናኘ።

ሃግለር በሙያ ዘመኑ አንድም ጊዜ በዝረራ ያልተሸነፈ ሰው ነው። ሙጋቢ ሌሎችን ሲያስቆሙ የነበሩትን ምቶች አሳረፈ፤ ሃግለር ተቀብሎ ወደፊት መጣ። በ11ኛው ዙር የወደቀው ሙጋቢ ሆነ። ከሦስት ዓመት በኋላ ወደ 69.9 ኪሎ ግራም ተመልሶ የዓለም ቀበቶ አገኘ።

ሁለቱ ታሪኮች ሲነጻጸሩ፣ ጉልበትን ብቻ ተማምኖ የወጣ ቡጢኛ የማይወድቅ ሰው ሲያጋጥመው ሌላ መላ ያስፈልገዋል። ፍጥነት፣ ርቀትና ጽናት ያለው ግን ሳይዘርርም ሊያሸንፍ ይችላል።

በትንሽ በትንሹ የሚገነባ ጉልበት

ዩክሬናዊው ኦሌክሳንደር ኡሲክ ይህን በከባድ ሚዛን አሳይቷል። በ90.7 ኪሎ ግራም ምድብ ሁሉንም ቀበቶዎች ከሰበሰበ በኋላ በ2019 ወደ ከባድ ሚዛን ሲገባ ለግዙፎቹ ትንሽ ነው ያሉት ጥቂት አልነበሩም። አንቶኒ ጆሹዋን ሁለት ጊዜ ያሸነፈው በነጥብ ነው። በ2024 መጨረሻ ታይሰን ፉሪን ለሁለተኛ ጊዜ ሲረታ እርሱ 102.5፣ ፉሪ ደግሞ 127 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝኑ ነበር።

ኡሲክ በአንድ ምት አገር አያናውጥም። የእርሱ ጉልበት የሚጠራቀም ነው። ተጋጣሚው በየዙሩ እንዲዞር፣ እንዲስትና እንዲደክም ያደርገዋል። የደከመ አንገት ደግሞ ትኩስ አንገት የሚችለውን ምት አይችልም። ዳንኤል ዱቧን በ2023 በዘጠነኛው ዙር፣ በ2025 ደግሞ በአምስተኛው ዙር ያሸነፈው በዝረራ ነው።

ዋጋው በአካል ይከፈላል

ስለ ክብደት ለውጥ ሲወራ አብዛኛው ሰው የሚጠይቀው ቡጢኛው መምታት ይችል እንደሆነ ነው። ለቡጢኛው ጤና የሚበልጠው ጥያቄ ግን መመታትን ይችላል ወይ የሚለው ነው። ከፍ ወዳለ ምድብ የወጣ ሰው ምቱ ቢዳከምበት ዝረራ ያጣል፤ የሚቀበለው ምት ሲከብድ ግን የሚያጣው ጤናውን ነው።

በ2016 ሁለት ብሪታኒያውያን ይህን በራሳቸው አዩ። በአቴንስ ኦሊምፒክ በ60 ኪሎ ግራም ብር ያገኘው አሚር ካን ከካኔሎ ጋር በ70.3 ኪሎ ግራም ተገናኘ። በእጁ ፍጥነት የተወሰኑ ዙሮችን በጥሩ ሁኔታ ቢጀምርም በስድስተኛው ዙር በአንድ የቀኝ ምት ራሱን ስቶ ወደቀ።

ኬል ብሩክ ደግሞ ከ66.7 በቀጥታ ወደ 72.6 ኪሎ ግራም ወጥቶ ካዛኪስታናዊውን ጌናዲ ጎሎቭኪንን በለንደን ገጠመ። የዓይኑ ዙሪያ አጥንት ተሰብሮ በአምስተኛው ዙር አሠልጣኙ ፎጣ ወረወረ። ብሩክ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት በ2017 ወደ ቀድሞ ምድቡ ወረደ። ከኤሮል ስፔንስ ጋር ባደረገው ፍልሚያ የሌላኛው ዓይኑ ዙሪያ አጥንት ተሰበረ፤ ቀበቶውንም አጣ።

መመለሱም የራሱ አደጋ አለው። ሮይ ጆንስ በ2003 በ87.5 ኪሎ ግራም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮኑን ጆን ሩይዝን በነጥብ አሸንፎ ዓለምን አስደነቀ። ከዚያ የገነባውን ጡንቻ አራግፎ ወደ 79.4 ኪሎ ግራም ወረደ። የመጀመሪያውን ፍልሚያ ከአንቶኒዮ ታርቨር ጋር አድርጎ በጭንቅ አሸነፈ። በ2004 በድጋሚ ሲገናኙ ታርቨር በሁለተኛው ዙር ዘረረው። በርካታ የቡጢ ተንታኞች ያ የክብደት መውጣትና መውረድ ሰውነቱን እንደጎዳው ያምናሉ።

በአንጻሩ አንዳንዱን ቡጢኛ የሚያድነው መውጣቱ ነው። አካሉ እያደገ በዝቅተኛ ምድብ ለመቆየት ራሱን የሚያስርብና የሚያደርቅ ቡጢኛ ወደ መድረክ የሚወጣው ግማሽ ጉልበቱን በሚዛን ላይ ጥሎ ነው። የፈሳሽ እጥረት ጡንቻን ያዳክማል፤ ሙሉ በሙሉ ያላገገመ ሰው ምት የመቋቋም አቅሙም ይቀንሳል። እንዲህ ያለው ሰው አንድ ምድብ ከፍ ሲል ጉልበቱ የሚመለስለት ለዚህ ነው።

ኢኖዌም ቢሆን ገደቡ እየታየው መጥቷል። በ55.3 ኪሎ ግራም በ2024 በሉዊስ ኔሪ፣ በ2025 ደግሞ በራሞን ካርዴናስ ተመትቶ ወድቆ ተነሥቷል። በሙያ ዘመኑ ከዚያ በፊት ወድቆ አያውቅም ነበር። ሁለቱንም ተነሥቶ ከፍጻሜው በፊት አሸነፈ። በዚያው ዓመት ከሙሮጆን አኽማዳሊቭ ጋር ግን 12 ዙር ተፋልሞ በነጥብ ነው ያሸነፈው።

ምድቦቹ የተሠሩት ሰውን ከአቅሙ በላይ ከሆነ ምት ለመጠበቅ ነው፤ ሙሉ ዋስትና ግን አይሰጡም። በ1988 በሶል ኦሊምፒክ ለኬንያ በቡጢ ብቸኛውን የወርቅ ሜዳሊያ ያመጣው ሮበርት ዋንጊላ በ1994 በላስ ቬጋስ ካደረገው ፍልሚያ በኋላ ሕይወቱ አልፏል።

ስለዚህ አንድ ቡጢኛ ምድብ ሊቀይር ነው ሲባል በቅድሚያ መጠየቅ ያለበት ከዚህ ቀደም ስንት ሰው ዘርሯል የሚለው አይደለም። ኪሎውን የሚጨምረው አካሉ አድጎ ነው ወይስ ገንዘብና ቀበቶ ጠርቶት? የሚጨምረው ጡንቻ እግሩን ያግዘዋል ወይስ ያከብደዋል? ቡጢው አልጥል ቢል ሌላ ማሸነፊያ አለው? ከሁሉም በላይ ደግሞ ከባዱ ሰው በተራው ሲመታው መቆም ይችላል?